ፒችትሪ፣ ኦዱ ወይስ ኢአርፒኔክስት? የሂሳብና የመጋዘን ሶፍትዌር ለመግዛት ላሰበ መካከለኛ ድርጅት

ይህን የምጽፈው ዕቃ ከውጭ አስገብቶ በጅምላ ለሚያከፋፍል፣ ከ20 እስከ 60 ሠራተኛና ሁለት ሦስት መጋዘን ላለው ድርጅት ነው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ንጹህ ኤክሴልና ጎበዝ የሂሳብ ሠራተኛ ይበቃችኋል። ገንዘባችሁን አታባክኑ። ባንክ ወይም ትልቅ ፋብሪካ ከሆናችሁ ደግሞ ሳፕና ኦራክል የሚሸጡት ሰዎች ራሳቸው ፈልገው ያገኟችኋል።

መካከለኛ ድርጅት ሲያማርጥ በብዛት የማያቸው ሦስት ናቸው። ሌላውን የታወቀ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ኩዊክቡክስን፣ የተውኩት ረስቼው አይደለም። ባለቤቱ ኢንቱዊት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30፣ 2024 በኋላ አብዛኞቹን የዴስክቶፕ (በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑ) ዓይነቶች ለአዲስ ደንበኛ መሸጥ አቁሟል። ሰውን ሁሉ ወደ ኦንላይኑ እየገፋ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደረሰኝ መቁረጥ ለሚያቅተው ቢሮ ይህ አያዋጣም።

ፒችትሪ፦ ሁሉም የሚያውቀው

ስሙ ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለቤቱ የእንግሊዙ ሴጅ ኩባንያ “ሴጅ 50” ብሎታል። አዲስ አበባ ግን አልሰማችም። የሥራ ማስታወቂያው ዛሬም “ፒችትሪ የሚችል” ነው የሚለው።

ትልቁ ጥንካሬውም እዚሁ ላይ ነው። ኮሌጁም ማሰልጠኛውም የሚያስተምረው እሱን ነው። አካውንታንታችሁ ዛሬ ቢለቅ በሳምንቱ ሌላ ታገኛላችሁ። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራም ኢንተርኔት አይፈልግም። የሂሳብ ዓመቱን እስከ 13 ክፍል መከፋፈል ይፈቅዳል። ጷጉሜን ለብቻዋ መያዝ ለሚፈልግ ሰው የእኛን የዘመን አቆጣጠር አስበው የሠሩት ነው የሚመስለው፤ አይደለም እንጂ።

ችግሩ የሚጀምረው መጋዘን ስትገቡ ነው። እኛ ጋ በብዛት የተጫኑት አሮጌ ቨርዥኖች ናቸው። ቃሊቲ ያለውን ዕቃና መርካቶ ያለውን ዕቃ ለይተው አያውቁም። ሰው የሚያደርገው ለአንዱ ዕቃ ሁለት ኮድ መስጠት ነው። ከወደብ እስከ መጋዘን የወጣውን ማጓጓዣ፣ ቀረጥና ኢንሹራንስ በየዕቃው ላይ የማከፋፈሉም ሥራ ኤክሴል ላይ ተሠርቶ ነው የሚገባው። ኤክሴሉ የአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ነው። ያ ሰው ፈቃድ ሲወጣ ዋጋ ማውጣትም አብሮ ፈቃድ ይወጣል።

ሁለተኛው ቁጥጥር ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ የቆጠራ ልዩነት ፈልጉልን ተብለን ገባን። ከሦስት ወር በፊት የተመዘገበ ሽያጭ ላይ ብዛቱ ተቀይሯል። ማን ቀየረው? መዝገቡ “አድሚን” ይላል። አድሚን ማነው? አራት ሰው። አራቱም በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ነው የሚገቡት። እውነቱን ለመናገር ይህ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለም። ግን ፒችትሪ የተመዘገበን ነገር ከፍቶ ማረም ስለሚያቀል ያንን ልማድ ያባብሰዋል።

ክራኩን፣ ማለትም ያለ ላይሰንስ ተሰብሮ የሚጫነውን፣ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። በነጻ ያገኛችሁት ፒችትሪ ፋይሉ የተበላሸ ቀን የምትደውሉለት ሰው የለውም።

ኦዱ፦ ቆንጆው

ኦዱ የቤልጅየም ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ታይኒ ኢአርፒ ተብሎ ተጀመረ፣ ኦፕን ኢአርፒ ሆነ፣ በ2014 ኦዱ ተባለ። ዴሞ (ሻጩ የሚያቀርበው ማሳያ) ላይ ማንም አያሸንፈውም። ሽያጩ፣ መጋዘኑ፣ ግዢው፣ የደንበኛ ክትትሉ አንድ ላይ ነው፤ ለዓይንም ደስ ይላል። የመጋዘን ሥራው በእውነት ጠንካራ ነው። የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪን በየዕቃው ላይ ራሱ ያከፋፍላል።

አሁን ጠንቀቅ በሉ። ኦዱ ሁለት ነው። ኮሚዩኒቲ የሚባለው ነጻ ነው፤ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው በተጠቃሚ ቁጥር ይከፈልበታል። ሻጩ ዴሞ የሚያሳያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርፕራይዙን ነው፤ ዋጋ የሚነግራችሁ ግን የኮሚዩኒቲውን ሊሆን ይችላል። ኮሚዩኒቲው ደረሰኝ ያወጣል እንጂ የተሟላ የሂሳብ ክፍል የለውም። የባላንስ ሺት ሪፖርቱ፣ የባንክ ማስታረቁ፣ ፔሮሉ (የደመወዝ ስሌቱ) ኢንተርፕራይዝ ውስጥ ናቸው። ክፍተቱን የሚሞሉ፣ በጎ ፈቃደኞች የሠሯቸው ሞጁሎች (ተጨማሪ ክፍሎች) አሉ። አንዳንዶቹም ምርጥ ናቸው። ግን ኦዱ በየዓመቱ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፤ ድጋፍ የሚሰጠውም ለመጨረሻዎቹ ሦስት ብቻ ነው። በተጨማሪ ሞጁሎች የተለጣጠፈ ኮሚዩኒቲ ይዞ ወደ አዲሱ ቨርዥን መሻገር ቤት አፍርሶ እንደመሥራት ነው። ከሦስቱ ሁሉ “ነጻ ነው” ተብሎ ተገዝቶ በጣም ውድ ሲሆን ያየሁት ይህንን ነው።

ኢንተርፕራይዙ ግን ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ጥሩ ነው።

ኢአርፒኔክስት፦ ዝምተኛው

የሕንድ ነው፤ ሙምባይ የሚገኘው ፍራፔ ኩባንያ ነው የሠራው። ሁለት ዓይነት የለውም። የምታዩት ሁሉ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። የሂሳቡ ክፍል፣ ባላንስ ሺቱ፣ መጋዘኑ፣ የገቢ ዕቃ ወጪ ማከፋፈያው ሁሉም ውስጡ ነው። ፔሮሉ ከቨርዥን 14 ጀምሮ ፍራፔ ኤችአር ወደሚባል ሌላ መተግበሪያ ወጥቷል፤ እሱም ያለ ክፍያ ነው።

እኔን የሳበኝ አንድ ጠባዩ ነው። የጸደቀን ሰነድ ማረም አይፈቅድም። ስህተት ከተገኘ ትሰርዙትና አዲስ ታወጣላችሁ፤ የተሰረዘውም ስሙን እንደያዘ እዚያው ይቀመጣል። የሽያጭ ሠራተኛው መጀመሪያ ሰሞን ያማርራል። ኦዲተሩ ግን ይወደዋል። ኦዱም የጸደቀን መዝገብ መቆለፍ ይችላል፤ ግን አስባችሁበት ማብራት አለባችሁ።

ድክመቱስ? ሰው የለም። ፒችትሪ የሚያውቅ መቶ ሰው ስታገኙ ኢአርፒኔክስት የሚያውቅ አንድ ብታገኙ ነው። ሰርቨሩ የሚሠራው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ላይ ስለሆነ እሱን የሚነካካ ልጅ ቤታችሁ ውስጥ ወይም ቅርብ መኖር አለበት። መልኩም እንደ ኦዱ አያማልልም።

የደመወዝ ግብር ፈተና

ሶፍትዌር ስገመግም ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፦ ሕግ ሲቀየር ማን ይቀይረዋል? ምሳሌው ቅርብ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 አሳደገው፤ እርከኖቹም ሁሉ ተቀየሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ አዲሱ የቫት አዋጅ ወጥቶ ነበር።

ፒችትሪ ላይ አካውንታንቱ የፔሮል ፎርሙላውን ከፍቶ ራሱ ይጽፋል። ፎርሙላው አስቀያሚ ነው፤ ግን የለመደ ሰው ይጨርሰዋል። ኢአርፒኔክስት ላይ የግብር እርከኑ እንደ ሠንጠረዥ ነው የሚሞላው፤ የሚጀምርበትንም ቀን ትነግሩታላችሁ። ኦዱ ላይ የደመወዝ ደንቡ ኮድ ሊፈልግ ስለሚችል ወደ ሻጩ መደወላችሁ አይቀርም። ሻጩ ደግሞ ያን ሳምንት ሌላም ሃያ ደንበኛ እየደወለለት ነው። የጡረታው 7 እና 11 በመቶ ግን ለሦስቱም ቀላል ነው።

ዶላርና ቀን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዶላር የሚታሰብ ዓመታዊ ክፍያ የነበረው ድርጅት በዚያው አገልግሎት እጥፍ ከፈለ። ስለዚህ የኦዱ ኢንተርፕራይዝንም ሆነ የዘመኑን ሴጅ ዋጋ ስታሰሉ የአንድ ዓመቱን ሳይሆን የአምስት ዓመቱን፣ ዶላሩም ከፍ እንደሚል ቆጥራችሁ አስሉ። ኢአርፒኔክስት የላይሰንስ ክፍያ የለውም። ወጪው ሰርቨር፣ ተከላ፣ ሥልጠናና ሰው ነው፤ አብዛኛው በብር ይከፈላል። ወጪው ግን ከባዶ በጣም የራቀ ነው። “ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ምንም አያስወጣም” የሚላችሁን አትስሙ።

የቀን ነገር ደግሞ ሦስቱም ጋ አለ። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ በፈረንጁ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ነው። ዓመቱን ሦስቱም ላይ እንደዚያ መትከል ይቻላል። የሚያስቸግረው ወሩ ነው። የመስከረም ቫት ሪፖርት ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ነው፤ ጷጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ በአንድ ቀን ይገፋል። “በወር አሳየኝ” የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ የሚመጣው የፈረንጅ ወር ነው። የሀገር ውስጥ አስተካካዮች የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ እንጨምራለን ይላሉ። ሪፖርቱም ላይ ነው ወይስ ስክሪኑ ላይ ብቻ? ይህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

እንዴት ትፈትኑታላችሁ?

በሻጩ ዳታ የሚሠራ ዴሞ አትዩ። የራሳችሁን የባለፈው ዓመት በጣም የተወሳሰበ የገቢ ዕቃ ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ግማሹ ዕቃ የዘገየበት፣ የባንክ ክፍያው በሁለት ተመን የተከፈለበት፣ ደንበኛ የመለሰው ዕቃ ያለበት። ፊታችሁ ይመዝግቡት። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽናችሁ ጋር እንዴት እንደሚገናኝም እዚያው ያሳዩ። ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ውሉ ላይ ደግሞ፣ ዳታቤዙን በሙሉ በፈለግን ሰዓት እንወስዳለን፣ ለእኛ የተጻፈው ተጨማሪ ኮድ የእኛ ነው፣ የሚል ይጻፍ። ባክአፕ አለን ካሏችሁ፣ ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ጭነው ያሳዩ።

የእኔ ምርጫ? ዋናው ሥራችሁ ሂሳብ ከሆነና ዕቃችሁ ጥቂት ዓይነት ከሆነ በሕጋዊ ላይሰንስ ፒችትሪ ላይ ቆዩ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ ስጡ። ዕቃችሁ ብዙ ሆኖ አንድ የአይቲ ልጅ ካላችሁ ኢአርፒኔክስት። የአይቲ ሰው መቅጠር ካልፈለጋችሁና የውጭ ምንዛሪው ካላሳሰባችሁ ኦዱ ኢንተርፕራይዝ። ኦዱ ኮሚዩኒቲን ለዚህ መጠን ድርጅት አልመክርም።

መቼ? ሐምሌ 1 መጀመር ከሁሉም ይቀላል፤ የሰኔ 30 ቆጠራና ባላንስ መነሻ ይሆናችኋል። ለዚያ እንዲደርስ ውሉ ጥር ላይ ይፈረም። ሰኔ ላይ መጥቶ “በሁለት ሳምንት እናደርሳለን” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።