ከአሥራ አንድ ወር ጉተታ በኋላ፦ የመጎተቻው ድምፅ ከየት ይመጣል?

ይህን ተነቃይ ባለ ኳስ መጎተቻ ከመኪናዬ ሻንሲ ጋር ካሳሰርኩት አሥራ አንድ ወር ሆኖታል፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የዕቃ ተጎታች እጎትትበታለሁ። ስለ ጥንካሬው ቅሬታ የለኝም፤ ብረቱ አልጎበጠም፣ ብየዳውም አልተሰነጠቀም። ያደከመኝ ድምፁ ነው።

በሁለተኛው ወር ገደማ፣ ስነሣና ፍሬን ስይዝ ከኋላ አንድ ጊዜ «ቋ» የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ኳሱ ላልቶ እንደሆነ ነበር፤ ዳዶው ግን እንደታሰረ ነው። ድምፁ የሚመጣው ኳሱን የተሸከመው ዘንግ ከሚገባበት ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ውስጥ ነበር። ዘንጉ በቀላሉ እንዲገባና እንዲወጣ ሲባል ከቱቦው በጥቂቱ ቀጠን ተደርጎ ይሠራል፣ ዘንጉን በቱቦው ውስጥ የሚይዘው ፒን የሚያልፍበትም ቀዳዳ ከፒኑ ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ ተጎታቹ ሲሳብና መልሶ ሲገፋ ዘንጉ በዚያች ክፍተት ወዲያና ወዲህ እየሄደ ከፒኑ ጋር ይጋጫል። ይህ እንዲህ በቱቦና በፒን የሚያያዙ ተነቃይ መጎተቻዎች የጋራ ጠባይ እንጂ የዚህ ምርት ብቻ ጉድለት አይደለም፤ ሆኖም አምራቹ ይህን ክፍተት የሚዘጋውን ማጥበቂያ አብሮ አለማቅረቡ ቅር አሰኝቶኛል። ማጥበቂያ ለብቻው ገዝቼ ዘንጉን ከቱቦው ጋር አጣብቄ ሳስረው ያ ድምፅ ጠፋ።

የቀረው ባዶ ተጎታች በጎርባጣ መንገድ ላይ የሚያሰማው መንቋቋት ነበር። ኳሱን የሚጎርሰው የተጎታቹ አፍ ላይ የተቀረጸውን ሳነብ ለ2 ኢንች፣ ማለትም ለ50.8 ሚሊ ሜትር ኳስ የተሠራ ሆኖ አገኘሁት፤ የእኔ ኳስ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው ብዬ ልንቀው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ነገር ግን እዚህ ላይ የሚያሰጋው ከድምፁ ይልቅ አፉ ከኳሱ ላይ ተነሥቶ ሊወጣ መቻሉ ስለሆነ ኳሱን በልኩ ቀየርኩ። ከዚያ በኋላም ጭነቱን ወደ ኋላ ባበዛሁበት ቀን መንቋቋቱ ተመልሷል፤ ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ኳሱ ላይ ካላረፈ አፉ ወደ ላይ ሊነሣ፣ ተጎታቹም በፍጥነት ላይ ሊወዛወዝ ይችላል።

በጥምዝ ላይ የሚሰማው ሲጥጥታ ግን ቀላል ነው፦ ኳሱን ጠርጎ ስስ ግራሶ መቀባት ይበቃል፣ አሮጌው ግራሶ አሸዋ ይዞ ብረት ስለሚፍቅ አስቀድሞ መጠረግ አለበት። ኳሱን የፍሬን ሸራ በመሰለ መያዣ ጨብጦ ውዝዋዜን የሚገታ አፍ ያለው ሰው ግን ግራሶ ፈጽሞ እንዳያስነካ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መጎተቻውን ያማሁበት አንድ ጩኸት ደግሞ ከተጎታቹ ባሌስትራ ቦኮላ (የባሌስትራው ማሰሪያ ከሚያልፍበት ቀለበት) የመጣ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያወቅሁት የተጎታቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፌ፣ ሌላ ሰው መኪናውን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያነቃንቀው፣ በሁለቱ መካከል ሳልገባ ከጎን ቆሜ በማዳመጥ ነው።

መጎተቻውን ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ፣ ማጥበቂያውን ግን በመጀመሪያው ቀን አስገባለታለሁ። ያለ ማጥበቂያ በቆየባቸው ወራት የዘንጉ የፒን ቀዳዳ በግጭቱ ብዛት ሞላላ መሆን ጀምሯል፤ አሁን በየወሩ በካሊፐር እለካዋለሁ፣ መስፋቱ ከቀጠለም ዘንጉን እቀይረዋለሁ።