ጦስኝና ሺፈራው ያስመረመርኩበት ላቦራቶሪ

ደረቅ ጦስኝና ሺፈራው አሽገን የምንሸጥ ሰዎች በዝተናል። ማሸጊያው ላይ «በአንቲኦክሲዳንት የበለፀገ» ብሎ መጻፍም ፋሽን ሆኗል፤ አንቲኦክሲዳንት ማለት ፍሪ ራዲካል የሚባሉትን ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች የሚያበርድ ንጥረ ነገር ነው። ማን መረመረው ሲባል ግን ዝም ነው። እኔ የሚታይ ወረቀት ይኑረኝ ብዬ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ናሙና ይዤ ሄድኩ። ስሙን ልተወው።

አቀባበላቸው ጥሩ ነው። ናሙና የምትቀበለው ልጅ ፌስታሉን ወስዳ ዝም አላለችም፤ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተለቀመ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ ፀሐይ ላይ ጠይቃ ሁሉንም መዘገበች። ትክክል ናት። ፀሐይ የመታው ጦስኝ ሽታው ራሱ ያስታውቃል።

ሥራውን ልይ ስላቸውም አልከለከሉኝም። ዲፒፒኤች የሚሉት ደማቅ ወይን ጠጅ ፈሳሽ አለ፤ ፍሪ ራዲካል ነው። ከቅጠሉ የወጣውን ጠብ ሲያደርጉበት፣ አንቲኦክሲዳንት ካለው ቀለሙ እየለቀቀ ወደ ቢጫ ይሄዳል። 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ያቆዩትና በ517 ናኖሜትር ብርሃን የቀረውን ቀለም በማሽን ያነባሉ። የኔ ጦስኝ ገና ሳይቆይ ነው የገረጣው። ሺፈራው ቀስ አለ። ያን ቀን ብታዩኝ ልጄ ፈተና ያለፈ ነው የሚመስለው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። «አይሲ 50» የሚል ቁጥር ሰጡኝ፤ ቀለሙን በግማሽ ለማጥፋት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቅጠሉ ይበረታል፣ ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ነው የሚያነበው። ማብራሪያ የለም። አንቲኦክሲዳንትነቱ የታወቀው የቫይታሚን ሲ ማነጻጸሪያም የለም። ያለሱ ቁጥሩ ምን ይሠራልኛል? ለካ ማነጻጸሪያውን ሠርተውታል፣ ወረቀቱ ላይ ነው ያላሰፈሩት! ተነጫንጬ ነው ያስጻፍኩት።

ሌላው፣ ቅጠሉን የዘፈዘፉት ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት፣ በ80 በመቶው ነው። ለምርምር የተለመደ ነው፣ እሺ። ደንበኛዬ ግን ጦስኙን የሚያፈላው በውሃ ነው፤ ሜታኖል መርዝ ነው። በፈላ ውሃ ድገሙልኝ ስል ሌላ ክፍያ ተጠየቅኩ። ከፈልኩ። ውጤቱ ከሜታኖሉ ደከም ይላል፣ ግን ሻይ ጠጪው የሚያገኘው እሱን ነው። ይህን መጀመሪያ ሊጠይቁኝ ይገባ ነበር።

አንድ ወጣት ባለሙያ ግን አክብሬዋለሁ። ጠቅላላ ፌኖል (ተክል ውስጥ ያሉ የአንቲኦክሲዳንት ዓይነቶች) የሚለካው የፎሊን ምርመራ ይጨመርልኝ ስለው፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ስኳርና ቫይታሚን ሲንም አብሮ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ትልቅ ቢወጣ እንዳይሸውድዎት» አለኝ። ገንዘቤን ዝም ብሎ መቀበል ይችል ነበር።

የሂሳብ ክፍሉ በተቃራኒው ለማሸጊያ የሚሆን «የአንቲኦክሲዳንት ሰርተፍኬት» በተጨማሪ ክፍያ ሊሸጥልኝ ሞከረ። አልገዛሁም። ጠርሙስ ውስጥ ቀለም ማጥፋት ሰው ሆድ ገብቶ በሽታ መከላከል አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኦራክ በሚባል ተመሳሳይ ምርመራ የተለካውን የምግቦች አንቲኦክሲዳንት ሰንጠረዥ በ2012 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ ያነሳው፣ ቁጥሩን ነጋዴዎች ያለ ቦታው ስለተጠቀሙበት ነው።

ዋጋው ለትንሽ ነጋዴ ይከብዳል፣ የሚሠሩት ሥራ ግን ንጹሕ ነው። የምትሄዱ ከሆነ ናሙናውን ሳታስረክቡ በፊት «በፈላ ውሃ ይሁንልኝ፣ የቫይታሚን ሲውም ውጤት ወረቀቱ ላይ ይግባ» በሉና አስፈርሙ። ለሺፈራው በሚቀጥለው ለቀማ ተመልሼ እሄዳለሁ።