ከባሕር ዳር ለመቅዘፍ፦ የዓባይ መውጫ ወይስ ዘጌ?

በደንገል ታንኳም ሆነ በካያክ ከባሕር ዳር ተነሥቶ መቅዘፍ ለሚሻ ሰው ሁለት መልካም አቅጣጫዎች አሉ፤ አንዱ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ወደ ደብረ ማርያም ገዳም፣ ሌላው በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይወስዳል።

የዓባይ መውጫ ቅርብ በመሆኑ ለጀማሪ የሚሻለው እርሱ ነው። ዓሣ አጥማጆች ውኃ ጠጥቶ የከበደ ታንኳቸውን ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያቆሙት፣ ከደንገሉ ግርጌ ውኃው ጠብ ጠብ ሲል በቅርብ ይታያል። ነገር ግን አካባቢው የጉማሬ መዋያ ስለሆነ፣ ቦታውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቀዛፊ ሳይዙ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ የጨራጨራ ግድብም በዚያው መውጫ ላይ ስለሚገኝ፣ ውኃው መሳብ እንደጀመረ ሳይዘገዩ መመለስ ያስፈልጋል።

ዘጌ ግን ክንድ ይጠይቃል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ነውና፣ ጠዋት ጸጥ ብሎ የታየው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል፤ ስለዚህ ማልዶ መነሣትና የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ ግድ ነው። ልፋቱን የሚክሰው በቡናው ደን ጥላ ሥር አልፎ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መድረስና የመቅደሷን ሥዕሎች ማየት ነው። በዚሁ አቅጣጫ የሚገኘው የክብራን ገብርኤል ገዳም ለሴቶች እንደማይፈቀድ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

በሁለቱም ቦታ ከውኃው በቆዳ በኩል የሚገባ የቢልሃርዝያ በሽታ ስጋት ስላለ ከዳር ውኃ ውስጥ አለመቆየት ይበጃል። ለአንድ ቀን ብቻ የመጣ እንግዳ ቢጠይቀኝ፣ ያለማመንታት የምመርጥለት የማለዳውን ደብረ ማርያም ነው።