አስር ወር ከሊቲየም ባትሪ ጋር፦ ቅዳሜ ሹር ላይ ጉድ የሠራኝ መለኪያ

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት ነው። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለችው ፀጉር ቤቴ አንድ የሰፈራችን አባት ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ግማሽ ጭንቅላታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ እንደ ጎፈረ ነው። ቶንዶሱ እጄ ላይ ሞተ። ፋኑም፣ ቴሌቪዥኑም፣ አምፖሉም አብረው ድርግም አሉ። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ስንሠራ የዋልነው በባትሪ ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት ኢንቨርተሩን ሳየው ደግሞ አምስቱም ባር በርቶ ነበር። ሙሉ ነው ማለት ነው።

«ልጄ፣ የጠፋ መብራት እንደገና ይጠፋል እንዴ?» አሉኝ ጋሼ።

ወረፋ የሚጠብቁት ሰባት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የጋሼን ቀሪ ፀጉር በመቀስና በምላጭ፣ በስልክ መብራት ጨረስኩት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ገንዘብ ልቀበላቸው አፈርኩ። ከሰባቱ አምስቱ ሌላ ቤት ሄዱ። የበዓል ዋዜማ ገቢ ምን ማለት እንደሆነ ፀጉር ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል።

ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት። የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። ለድሮው የእርሳስ ባትሪ ካወጣሁት ሦስት እጥፍ ገደማ ከፍያለሁ። ከጥቅምት እስከ ፋሲካ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። መብራት ሁለት ሦስት ሰዓት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ባትሪው ተመልሶ ይሞላል። አምስቱ ባር ንቅንቅ አይልም። እኔም ለመጣው ሁሉ «እዩት፣ አይቀንስም እኮ!» እያልኩ ስጎርር ከረምኩ። ሞኝነቴ ይህ ነበር። የማይቀንስ ባትሪ የት አለ?

በነጋታው ዶሮ ወጥ እየበላሁ ሳይቀር ሻጩን በሐሳቤ እየጠራሁ ስሟገተው ዋልኩ። ወንድሜ፣ «ውሃ አይጨመርበትም» ብለኸኛል፣ እውነት ነው። «ቀላል ነው» ብለሃል፣ እሱም እውነት። የድሮውን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፣ ይሄን በአንድ እጄ አነሳዋለሁ። «አይቃጠልም» ብለሃል። በቀላሉ አይቃጠልም ብትል ልክ ነበርክ፣ ይሁን። ግን ከድሮው ኢንቨርተሬ ጋር ስታገናኘው መለኪያው እንደሚዋሽ ለምን አልነገርከኝም? አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው!

ነገሩን ያስረዳኝ በመጨረሻ አንድ ደንበኛዬ ነው። የሶላር ሥራ ይሠራል። ፀጉሩን እያስተካከልኩት እንዲህ አለኝ። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ፣ ሥራ ሳይኖርበት ሲለካ፣ 12.7 ቮልት አካባቢ ነው። ሲጋመስ 12.2 ገደማ ይደርሳል። ቮልቴጁ ቀስ እያለ ስለሚወርድ፣ እሱን አይተህ የቀረውን ትገምታለህ። የኔ ኢንቨርተር የተሠራው ለዚያ ነው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን አይወርድም። ባትሪው የተሠራው ሴል ከሚባሉ ትንንሽ ባትሪዎች ነው፤ አንዱ ሴል 3.2 እና 3.3 ቮልት መካከል ሆኖ አብዛኛውን ጉልበቱን ይጨርሳል። አራት ሴል ሲደረደር 12.8 እስከ 13.2 ይሆናል። ለኢንቨርተሩ ደግሞ 12.8 ማለት ጢም ያለ የእርሳስ ባትሪ ነው። ስለዚህ ሃያ ፐርሰንት ሲቀረውም «ሙሉ» ይለኛል። ከዚያ ቮልቴጁ በአንድ ጊዜ ገደል ይገባል። ውስጡ ያለው መከላከያ፣ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ሴሎቹ እንዳይጎዱ ቆርጦ ያጠፋዋል።

«ለምን አይወርድም?» ብዬ ጠየቅኩት። እሱም መልሶ «ቤትህ የጋዝ ሲሊንደር አለ?» አለኝ። አለ። «ጋዙ ሊያልቅ ሲል እሳቱ ቀስ በቀስ ይደክማል?» አይደክምም። ወጡ ሳይበስል ድንገት ነው የሚጠፋው። ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ ያው ነው፤ ሙሉም ሆነ ጠብታ ቢቀረው። ለዚህ ነው እናቶቻችን ሲሊንደሩን ብድግ አድርገው በክብደቱ የሚገምቱት። ባትሪውም ውስጥ እንዲሁ ነው። ሊቲየም የያዘው ክፍልና ሊቲየም የለቀቀው ክፍል ጎን ለጎን ይኖራሉ። ስትጠቀምበት አንደኛው ሌላኛውን እየተካ ይሄዳል። ሁለቱም እስካሉ ድረስ ቮልቴጁ አይነቃነቅም።

ይህንን ከሰማሁ በኋላ ንዴቴ ግማሹ በረደ። ጥፋቱ የባትሪው አልነበረማ! እንዲያውም እኔ የወደድኩት ጸባዩ ነው ያሳሳተኝ። የእርሳሱ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ይሄኛው እስከ መጨረሻው ሳይደክም ይሰጣል፣ በቃ ሲል ደግሞ ያቆማል።

ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ብዙም አዲስ አይደለም ለካ። ጆን ጉዲናፍ የሚባለው ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ስለዚህ ማቴሪያል ጥናቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሰውየው በ2019 ኖቤል ሲሸለም 97 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ላይ ማቴሪያሉ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት፦ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ፈጭተው በጣም አደቀቁት፣ በስስ ካርቦን ሸፈኑት፣ ያኔ ሠራ። ኮባልትም ኒኬልም የለበትም። ብረትና ፎስፎረስ ነው። ውስጡ ያለውን ኦክስጅን ፎስፎረሱ አጥብቆ ስለያዘው፣ ሲሞቅ እንደ ሌሎቹ ሊቲየም ባትሪዎች ቶሎ እሳት አያነሳም። ጣሪያዬ ቆርቆሮ ስለሆነና የአዳማ ፀሐይም ስለማትምር፣ ይህኛው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሙቀት ግን ዕድሜውን አይቀንሰውም ማለት አይደለም። ስለዚህ ከጣሪያው ሥር አውርጄ ወለሉ አጠገብ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አድርጌዋለሁ።

በየመንገዱ ከምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ብዙዎቹ በዚሁ ኬሚስትሪ የሚሠሩ ናቸው። ቴስላ እንኳ ይህ ባትሪ ላላቸው መኪኖቹ በሳምንት ቢያንስ አንዴ እስከ 100 ፐርሰንት ሙሉት ይላል፤ መለኪያው ቦታውን እንዳይስት። ያን ያህል ትልቅ ኩባንያ የመለኪያውን ነገር ለደንበኛው ከተናገረ፣ የኔ ሻጭ ምን ከለከለው?

መፍትሔው ርካሽ ነው፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ሻንት ያለው መለኪያ ይባላል። ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ይታሰርና የገባውንና የወጣውን ይቆጥራል። ቮልቴጅ አይቶ አይገምትም። ሱቅ ውስጥ ሽያጩንና ግዢውን በደብተር እንደምንመዘግበው ማለት ነው። አልፎ አልፎ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ መሙላት አለብኝ፣ አለዚያ ሂሳቡ ቀስ በቀስ ይሳሳታል። የኢንቨርተሩም የቻርጅ ምርጫ ከእርሳስ ወደ ሊቲየም እንዲቀየር አስደርጌአለሁ። አንድ ቁልፍ መጫን ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የማይስማማውን ቻርጅ ሲጠጣ ከርሟል ምስኪኑ ባትሪ።

በነገራችን ላይ፣ አዳማ ላይ ባትሪ መግዛት ራሱ ያስቃል። ከከተማዋ ዳር ያሉትን የንፋስ ተርባይኖች ያላየ የለም። ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻ 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋ ዋት ነው። እነሱ ሲሽከረከሩ እያየሁ ወደ ሱቄ እገባና የስልኬን መብራት አበራለሁ። ኃይሉ ለአገር መሆኑን አውቃለሁ። ግን የሰው ዓይን አያርፍም።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መጥተዋል። አሁን ቶንዶሱን ከማንሳቴ በፊት መለኪያውን ያያሉ። ባለፈው ሳምንት «ስንት ይላል?» አሉኝ።

«ሰማንያ አራት፣ ጋሼ።»

«መቀሱንም ቅርብ አድርገው» ብለው ተቀመጡ።

ግዙ ወይ ካላችሁኝ፣ ግዙ። ለሻጩ ያለኝ ቂም ግን ገና አልወጣልኝም። ለአዲሱ ዓመት ሁለተኛ ወንበር ልከፍት ነው፣ ሌላ አንድ ባትሪም እፈልጋለሁ። ዓይነቱ ያው ይሆናል። ሱቁ ግን ሌላ ነው።