ማስታወሻዎን ለኤአይ ረዳት ለማስነበብ፦ ኦብሲዲያን፣ ኖሽን ወይስ ኖትቡክኤልኤም?

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። የስምንት ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ የንብረት መዝገብና የውል ማስታወሻ ላፕቶፔ ውስጥ አለ። ባለፈው ሰሞን ሰብሳቢያችን «ድንኳኑን ያስጠገንነው መቼ ነበር? ስንት ከፈልን?» ብለው ጠየቁኝ። መፈለጊያው ላይ «ድንኳን» ብዬ ጻፍኩ። የግዢው ማስታወሻ መጣ፣ የጥገናው የለም። ግማሽ ሰዓት ሳገላብጥ ቆይቼ አገኘሁት። ለካ የጻፍኩት «ድንኳኑ ተጠግኗል» ብዬ ነው። እኛ «ን» እና «ኑ»ን አንድ ቤተሰብ አድርገን እናያቸዋለን። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ የሚያነብልኝ ረዳት ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። አማርኛ ቃል ሲረባ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። በዚያ ላይ አንዱ «ጸሐፊ» ይላል፣ ሌላው «ፀሃፊ»። አንዴ ብቻ ፈልጎ «አላገኘሁም» የሚል መሣሪያ ለእኛ አይሆንም። ሌላ ቃል፣ ሌላ አጻጻፍ እየሞከረ ደጋግሞ የሚፈልግ ያስፈልገናል።

ኦብሲዲያን ማስታወሻን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል። ለግልም ለሥራም በነጻ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም ፋይሉ እጅዎ ላይ ነው። ረዳቱን ለማስገባት ግን መንገድ መሥራት ይጠይቃል። መንገዱ ኤምሲፒ ይባላል፤ አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው፣ የኤአይ ረዳቶች ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚገናኙበት ክፍት ደንብ ነው። እኔ መጀመሪያ «ሎካል ሬስት ኤፒአይ» የሚባለውን ፕለጊን (ኦብሲዲያን ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ጫንኩ። ቀጥሎ የሰጠኝን ቁልፍ (እንደ ይለፍ ቃል ያለ ረጅም ጽሑፍ) ገልብጬ ከአንድ የኤምሲፒ ፕሮግራም ጋር ክሎድ ዴስክቶፕ በሚባለው የአንትሮፒክ ረዳት የማስተካከያ ፋይል ላይ አስገባሁ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል አይሠራም፤ የቅዳሜ ከሰዓቴን በልቶታል። ኦብሲዲያን ካልተከፈተም ረዳቱ ምንም አያይም።

ሲሠራ ግን ደስ ይላል። የድንኳኑን ጥያቄ እንዳለ ደገምኩለት። «ድንኳን» ብሎ ፈለገ፣ አልበቃውም። «ድንኳኑ» አለ፣ ቀጥሎ «ጥገና»። ማስታወሻውን ከፍቶ አነበበና ቀኑን፣ የከፈልነውን ብርና የፋይሉን ስም ነገረኝ። ፋይሉን ራሴ ከፍቼ አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። የገንዘብ ነገር ሲሆን እርስዎም ሁሌ ያመሳክሩ።

ኖሽን በኢንተርኔት የሚሠራ የማስታወሻ መጻፊያ ነው፤ ረዳት ማስገባቱ ከዚህ በጣም ይቀላል። የራሱ የኤምሲፒ አገልግሎት ስላለው ገብቶ «ፍቀድ» ማለት ብቻ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው አንድ ገጽ ላይ አብረው የሚጽፉ ከሆነ የሚወዳደረው የለም። ስልክ ላይም ጥሩ ነው። ሁሉም ነገር ግን ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አንዳንድ ገጽ አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መክፈት ቢቻልም መስመር ሲቆራረጥ የረዳቱ ሥራ ይቆራረጣል። በዚህ መንገድ የገባ ረዳት እርስዎ የሚያዩትን ገጽ ሁሉ ማየት እንደሚችልም ይወቁ። የራሱ የኖሽን ኤአይ ሙሉ ለሙሉ የሚገኘው ከፍ ባለው ክፍያ ነው፣ ያውም በሰው ቁጥር። ዋሽንግተን አካባቢ ላለ እድር ይህ ችግር አይደለም። አዲስ አበባ ሆኖ በየወሩ የዶላር ካርድ መፈለግ ግን ያሰለቻል።

የጉግሉ ኖትቡክኤልኤም ማስታወሻ መጻፊያ አይደለም። ያለዎትን ሰነድ ይጭናሉ፣ ከዚያ ይጠይቁታል። በነጻው አንድ ደብተር እስከ 50 ሰነድ ይይዛል። መልሱ አጠገብ ቁጥር አለ፤ ሲነኩት ሐሳቡ ወደተወሰደበት አንቀጽ ይወስድዎታል። ይህን በጣም ወድጄዋለሁ። ለማይለወጥ ነገር፣ ለምሳሌ ለመተዳደሪያ ደንብና ለድሮ ቃለ ጉባኤ፣ መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው። ነገር ግን ከኮምፒውተርዎ የጫኑት ቅጂ ነው። ዛሬ ማታ ላፕቶፑ ላይ ያረሙትን እሱ አያውቅም፣ እንደገና መጫን አለብዎት።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። «ኦብሲዲያን እኔ ጋ ነው ያለው፣ ምስጢሬ አይወጣም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ፋይሉ እርስዎ ጋ ይቀመጣል፤ ረዳቱ ከፍቶ ያነበበው ገጽ ግን መልስ እንዲሰጥ ወደ ረዳቱ ኩባንያ ሰርቨር ይሄዳል። የእኛ መዝገብ ውስጥ ማን እንደታመመ፣ ማን መዋጮ እንዳቃተው ተጽፏል። ሰዎች አምነው የነገሩን ነው። ስለዚህ የአባላቱን ጉዳይ ረዳቱ ከማይደርስበት ሌላ ፎልደር አወጣሁት፣ ቃለ ጉባኤና የንብረት መዝገብ ብቻ ተውኩለት።

ብዙዎቹ የኤምሲፒ ፕሮግራሞች ከማንበብ አልፈው መጻፍና መሰረዝም ይችላሉ። ረዳቱ ፈቃድ ሲጠይቅ ለማንበብ «ሁልጊዜ ፍቀድ» ቢሉ ብዙ አያስፈራም። ለመሰረዝ ግን በፍጹም። ከመጀመርዎ በፊትም ፎልደሩን በሙሉ ፍላሽ ላይ ይገልብጡ።

ብቻዎን የሚጽፉና ቅዳሜ ከሰዓትዎን ለመስጠት የማይሳሱ ከሆነ ኦብሲዲያንን ይያዙ። በቡድን ከሆነና ክፍያው ካልከበደ ኖሽን ይሻላል። ምንም መጫን ካልፈለጉና ያለዎት ያለቀ ሰነድ ከሆነ ኖትቡክኤልኤም ዛሬውኑ ይሠራልዎታል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን ይህችን ይሞክሩ። ሦስት አጫጭር ማስታወሻ ይጻፉ፤ አንዱ ላይ «ድንኳን»፣ ሁለተኛው ላይ «ድንኳኑ»፣ ሦስተኛው ላይ «ከድንኳናችን» ይበሉ። ከዚያ ረዳቱን ስለ ድንኳን የተጻፈውን ሁሉ እንዲያመጣ ይጠይቁት። ሦስቱንም ካላመጣ «የመጨረሻውን ፊደል ትተህ ‹ድንኳ› ብለህ ፈልግ» ይበሉት። እኔ ይህንን መመሪያ አንዴ ጽፌ እዚያው ማስታወሻዬ መጀመሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ፍለጋ ሲጀምር መጀመሪያ እሱን እንዲያነብ አዘዋለሁ።