ለጊቤ ሌሊት የትኛው ጃኬት ይሻላል፦ አዲሱ ወይስ ሳልቫጁ?

ጅማ ውስጥ ከሂርማታ ገበያ ሳልርቅ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ክረምቱ ሲከብድ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ «የትኛውን ጃኬት ልግዛ?» የባጃጅ ሾፌሩም ይጠይቃል፣ የሌሊት ዘበኛውም ይጠይቃል። አጥብቀው የሚጠይቁኝ ግን ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ መረብ የሚጥሉት ልጆች ናቸው። ማታ የጣሉትን መረብ ጎህ ሳይቀድ ሊያወጡ በጀልባ ሲገቡ፣ ውኃው ላይ የሚነፍሰው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። እጃቸው እርጥብ ነው፣ ከላይ ዝናብ አለ፣ ከሥር ጥልቅ ውኃ አለ። ጃኬታቸው ሊያሞቃቸውም፣ ቢወድቁ እንዳያጠፋቸውም ይገባል። ለእያንዳንዱ ተራ በተራ ከምነግር አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መልሱን አላንዛዛም፤ ሳልቫጅ፣ ማለትም ከውጭ የመጣውን ልባሽ፣ ግዙ። አዲሱን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ደረቱ ላይ የታወቀ ኩባንያ ምልክት የተሰፋበትን ጃኬት ለፎቶ ካልሆነ አልመክርም።

ከዋጋው ልጀምር። አዲሱ ወፍራም ጃኬት ሐሙስ ገበያ 4,500 ብር ተብሎ ይጠራል። ክርክር የሚችል ሰው 3,800 ያደርሰዋል፤ የማይችል 4,200 ከፍሎ «አተረፍኩ» እያለ ይሄዳል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ይኸው ጃኬት ሁለት ሺህ ብር ሲጠራበት ሰው ይቆጣ ነበር። ሳልቫጁ ደግሞ እንደ አወጣጡ ነው። ቦንዳ በተፈታበት ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ሰው ምርጡን ከ2,000 እስከ 2,500 ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ የመጣ፣ ሰው አገላብጦ የተወውን በ1,200 ያገኛል። እኔ የከሰዓቱን እመርጣለሁ። ሰው የሚተወው ብዙ ጊዜ ዚፑ ስለተበላሸ ነው፣ ዚፕ ደግሞ የሚቀየር ነገር ነው።

ስለ ዚፕ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘባችሁ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነውና። የአዲሱ ጃኬት ዚፕ ጥርሱ ቀጭን፣ ላይና ታች የሚንሸራተተው ራሱ የሚሠራበት ብረት ለስላሳ ነው። ክረምቱ ሳያልቅ ይህ ራስ አፉ ይሰፋና ጥርሱን መግጠም ያቆማል። በፒንሳ ጫን አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ለሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። መጨረሻው መቀየር ነው። ጥሩ ባለ ፕላስቲክ ጥርስ ዚፕ 250 ብር፣ የእጄ 200 ብር። በ3,800 የተገዛው ጃኬት ገና አንድ ክረምት ሳይጨርስ 4,250 ገባ ማለት ነው። የሳልቫጁ ዚፕ ከተበላሸም ወጪው ያው 450 ነው፤ ግን 1,200 ላይ ተጨምሮ 1,650 ቢሆን ነው። ራሱ ላይ «ዋይ ኬ ኬ» የሚል የጃፓን ዚፕ ምልክት ያለበት ሳልቫጅ ካገኛችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሻማ አሽቶ ማለስለስ ብቻ ይበቃዋል፤ ለሻማ አላስከፍልም። እርግጥ ይህም ምልክት ይኮረጃል። ፊደሉን ሳይሆን ጥርሱን እዩ፤ ከላይ እስከ ታች አሥር ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት። ሻጩ ቢያጉረመርምም ተዉት፣ ያጉረምርም።

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ። ሰው ጃኬትን የሚያየው ከላይ ነው፤ እኔ ገበሩን ስለምፈታ ከውስጥ አየዋለሁ። «ላባ ነው» ተብሎ ከተሸጠው አዲሱ ጃኬት ውስጥ የሚወጣው ስስ ፋይበር ነው፤ ጀርባው ላይ ደህና ሆኖ ክንዱ ላይ ይሳሳል፣ ብብቱ ሥር ጭራሽ የለም። ሁለት ጊዜ ከታጠበ ተንሸራቶ ታች ይከማቻል። ያኔ ትከሻችሁ ላይ ያለው ጨርቅና ገበር ብቻ ነው። የሚያሞቀን ልብሱ ውስጥ የታሰረው አየር ነው፤ ፋይበሩ ከተከማቸ አየሩን የሚይዝ ነገር የለም። እውነተኛ ላባ ቢሆን እንኳ ለጀልባ አልመርጠውም። ላባ ሲረጥብ ይጣበቅና ሙቀቱን ያጣል፤ ፋይበር ግን ረጥቦም ጥቂት ያሞቃል። ለዓሣ ሥራ ላባ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

ጨርቁ ማብረቅረቁ ውኃ አያስገባም ማለት አይደለም። ሻጩን የሚጠጣውን ውኃ ለምኑትና ትከሻው ላይ ስፌቱ ያለበት ቦታ ጠብ አድርጉ፣ ከውስጥ በአውራ ጣት እሹት። እርጥበት ካገኛችሁ ዝናቡም ያገኛችኋል። መርፌ የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ጥሩ ሳልቫጅ ጃኬት ገበሩን ገለጥ ብታደርጉ ስፌቱ ላይ ስስ ቴፕ ተለጥፎ ታያላችሁ፤ አዲሱ ርካሽ ጃኬት ይህ የለውም። ለንፋሱ ደግሞ ጨርቁን አፋችሁ ላይ ገጥማችሁ ንፉ። ትንፋሻችሁ በወዲያኛው በኩል እጃችሁን ካገኘው፣ በሞተር ወደ አሰንዳቦ ስትሄዱ ንፋሱም ደረታችሁን ያገኘዋል።

ሳልቫጅም ጉድ አለው፣ አልደብቅም። ትልቁ ጉድ መላጥ ነው። ውኃ የሚከለክለው ቅብ ከዓመታት በኋላ ያረጃል። እጃችሁን ከውስጥ ስታስገቡ የሚጣበቅ ወይም እንደ ነጭ ፎረፎር የሚራገፍ ነገር ካለ አስቀምጡት። ያንን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰፊ አናድነውም፤ 500 ብር ቢሉትም ውድ ነው። ቀዳዳ ግን አያስፈራችሁ። ከውስጥ ቁራጭ ጨርቅ በማስቲሽ ለጥፌ ዳር ዳሩን እሰፋለሁ፣ ስፌቱን ሻማ አሻለሁ፤ 100 ብር። ሌላው ጉድ ዕቃው ራሱ ነው፤ ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ዛሬ ያያችሁት ነገ አይገኝም፣ የገዛችሁትን መልሱልኝ ብትሉም የሚመልስ የለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ።

ከቦንዳው ከስንት አንዴ ግራ የሚያጋባ ጃኬት ይወጣል። ወፍራም ነው፣ ደረቱና ጀርባው ሲነካ ጠጠር ይላል፣ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ አለው፣ ደረቱ ላይ ሁለት ጠባብ ኪሶች አሉት። አንድ ጊዜ ከደነባ የመጣ ልጅ እንዲህ ያለውን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ታችኛው ጠርዙ ላይ ወንፊት አለው፣ ብርድ ያስገባብኛል፣ ይስፉልኝ» አለኝ። አልሰፋሁለትም። ያ ጃኬት የተሠራው በረዶ ላይ ቆመው ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች ነበር።

በፊንላንድ፣ በካናዳ፣ በአሜሪካም ሚኔሶታን በመሰሉ ቦታዎች በብርዱ ወራት የሐይቁ ገጽ በረዶ ይሆናል። ሰዎች በረዶው ላይ ወጥተው በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ያበጁና መንጠቆ ይጥላሉ። ንጹሕና ጠንካራ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ካልወፈረ በእግር አይወጣበትም። ከተሰበረ ሰውየው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጥበታል፣ ቀጥሎ ጣቶቹ አይታዘዙትም። ስለዚህ አንዳንዱ ጃኬት ውስጥ የሚያንሳፍፍ ፎም ተሰፍቷል። ጠባቦቹ ኪሶች በረዶውን ቧጥጦ ለመውጣት የሚረዱ ሁለት ሹል ብረቶች ማስቀመጫ ናቸው። ወንፊቱም ሰውየው ሲወጣ ውኃው ቶሎ እንዲፈስለት ነው። ቢሰፋ ጃኬቱ ያጠራቀመውን ውኃ ይዞ ጀልባ ላይ መውጣት ሊኖርባችሁ ነው።

በቅዝቃዜ የእኛ ጊቤ ከዚያ ጋር አይገናኝም። እዚህ የወደቀን ሰው የሚያጠፋው ዋና አለማወቁና መረብ ውስጥ መጠላለፉ ነው። ስለዚህ የበረዶውን አገር ውፍረት ሁሉ መልበስ አያስፈልግም፤ ከጃኬቱ ጋር የሚለበሰውን ባለ ማንገቻ፣ ጉልበቱ የተደለደለ ሱሪ ተዉት፣ ረፋድ ላይ ላብ ያሰምጣችኋል። ጃኬቱን ብቻ ውሰዱ፣ ገበሩ በዚፕ የሚወልቅ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። ለበረዶ ዓሣ የተሠራ ሁሉ ግን አይንሳፈፍም፣ ብዙው የሚያሞቅ ብቻ ነው። የውስጥ ምልክቱን ፈልጉ፤ 12402 የሚል ቁጥርና 50 የሚል ከኤን ፊደል ጋር ካያችሁ የሚያንሳፍፍ ነው። ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው፤ 50 ኒውተን ዋና ለሚያውቅ ሰው እገዛ ነው፣ ራሱን የሳተን ሰው ግን ፊቱን ወደ ሰማይ አያዞርም። እንዲህ ያለውን ጃኬት 3,000 ብር ቢጠሩበትም እኔ አላልፈውም፤ የሚሸጡት ሰዎች ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ግን ብዙ ጊዜ በ1,800 ይሰጡታል። ፎሙ አርጅቶ እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ሰው አጠገባችሁ አቁማችሁ ሞክሩት።

ዋና የማታውቁ፣ ክርክሩን ተዉትና መጀመሪያ ላይፍ ጃኬት ግዙ፤ 100 የሚል ምልክት ያለውን። ጃኬቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ ደግሞ የባሰ ኮፒ አለ። አንድ ደንበኛዬ መቀነቻው ተበጥሶበት ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አመጣ። ስፈታው ውስጡ የፍራሽ ስፖንጅ ቁርጥራጭ ነበር። 2,600 ብር ከፍሎበታል። ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል፤ ደቂቃዎች ተንሳፍፎ ከዚያ ሸክም ይሆናል። ከገዛችሁ በኋላ ሳፋ ውኃ ውስጥ ድንጋይ ጭናችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውኃውን አራግፋችሁ ስታነሱት ከከበደና ሲጨመቅ ውኃ ከተፋ ለልጆች መቀመጫ አድርጉት እንጂ ይዛችሁት ጀልባ ላይ አትውጡ። ገበያ ላይ ደግሞ በጣት ጫኑት፤ ትክክለኛው ፎም ጠንከር ብሎ ይመልሳል፣ ስፖንጅ እስከ ወዲያኛው ጨርቅ ድረስ ይሰምጣል።

ስለ ካፓ የምለው አጭር ነው። 600 ብር ነው፣ ለባጃጅ ሾፌር ይበቃዋል። ጀልባ ላይ ግን መረቡ ይይዘዋል፣ ብብቱ ላይ ይቀደዳል፣ የተቀደደ ፕላስቲክ ደግሞ ስሰፋው ይብሳል። ጋቢ? ደረቅ ጋቢን የሚያህል የለም። ጥጥ ግን ውኃ ይይዛል፣ እርጥብ ጋቢ ሙቀታችሁን ይወስዳል። በፌስታል ጠቅልላችሁ ዳር ላይ ለሚጠብቃችሁ ሰው ስጡት፣ ስትወጡ ትለብሱታላችሁ።

ሒሳቡን ላስላላችሁ። አዲሱ ጃኬት ከነዚፕ ቅያሬው 4,250። ሳልቫጅ ጃኬት በ1,500፣ ዚፕ 450፣ ቀዳዳ ቢኖረው 100፣ ድምር 2,050። በቀረው 2,200 ብር ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ደህና ላይፍ ጃኬት ትገዛላችሁ። አንዳንዱ «የሰው ልብስ አልለብስም» ይላል። መብቱ ነው፤ ግን ያው ሰው ሁለት ክረምት ሳይሞላ ሁለተኛውን አዲስ ጃኬት ለዚፕ ያመጣልኛል። ከደንበኛ አልጣላምና ዚፑን እቀይራለሁ።

ገዝታችሁ ስታጥቡት ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ፤ ጨርቁ ላይ የቀረ ሳሙና ውኃ ይስባል። ካውያ አታስነኩት፣ ቅቡ ይቀልጣል። ስትለኩት ከውስጥ ሹራብ ልበሱና መረብ እንደምትስቡ ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ወገባችሁ ከተገለጠ አንድ ቁጥር ጨምሩ። ጥቁሩን ሰው ሁሉ ይሻማዋል፣ ግን በጨለማ ውኃ ውስጥ ጥቁር ጃኬት የለበሰን ሰው ማን ያየዋል? ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ለከተማ የሚፈልገው ስለሌለ 300 ብር ያህል ያስቀንሳችኋል፤ አንገቱ ላይ ጥቂት ቆሽሾ ከሆነ ደግሞ 400።