«90 በመቶ ያለቀ» የተባለ የቤንዚን ሞዴል አውሮፕላን ከመግዛታችሁ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለምትኖሩ፣ በሪሞት የሚበር ትልቅ አውሮፕላን ለመግዛት ለምታስቡ ወገኖች። ደጋግሞ የሚወጣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አለ፦ «የአክሮባት አውሮፕላን፣ 55 ሲሲ፣ ሞተሩ ምንም ያልሠራ፣ ሰርቮው ተገጥሞለታል፣ 90 በመቶ ያለቀ። ሬሲቨር ጨምሮ ማብረር ብቻ»። ሰርቮ ማለት የክንፍና የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን የሚያዞር ትንሽ ሞተር ነው፤ ሬሲቨር ደግሞ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበል መሣሪያ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.2 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ7 እስከ 8 ኪሎ የሆነ ዕቃ ከአዲሱ ግማሽ ዋጋ በታች ሲቀርብ ያጓጓል። ችግሩ ያ 90 በመቶ የተባለው ሥራ ላይ ነው። ካርቶን ውስጥ ያለ አዲስ ዕቃ የፋብሪካ ጉድለት ቢኖርበት እንኳ ከመገጠሙ በፊት ይታረማል። ያለቀው ላይ ግን ስህተቱ በሙጫ ታስሯል፤ ለማስተካከል መስበር ይጠይቃል።

መጀመሪያ ሞተሩ የታሰረበትን የፊት ሳንቃ፣ ፋየርዎል የሚባለውን እዩ። ከፋብሪካ ሲመጣ ሙጫው ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሞተሩን ከማሰሩ በፊት መገጣጠሚያውን ዙሪያውን በ30 ደቂቃ በሚጠነክር ኢፖክሲ (ከሁለት ፈሳሽ የሚቀላቀል ሙጫ) ይደግመዋል፣ ማዕዘኖቹ ላይ ባለሦስት ማዕዘን እንጨት ይለጥፋል፣ እንጨቱ ቤንዚንና ዘይት እንዳይጠጣም ፊቱን በቀጭኑ ኢፖክሲ ይቀባዋል። ነጠላ ሲሊንደር 55 ሲሲ ሞተር በእያንዳንዱ ፍንዳታ ሳንቃውን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ኢግኒሽኑ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ሳጥን) ከባትሪ መነቀሉን ካረጋገጣችሁ በኋላ ሞተሩን በእጃችሁ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግፉት። በጥቂቱ እንኳ ከተነቃነቀ፣ ወይም ሙጫው ላይ ነጭ ስንጥቅ መስመር ካለ፣ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ውስጡንም ፈትሹ። ከወደቀ በኋላ የተጠገነ ቦታ የእንጨቱ ቀለም ይለያል፤ በላዩ ያለው ሽፋን ደግሞ በማሞቂያ ብረት ሲተኮስ ይቃናና ተመልሶ ይሸበሸባል። የጎማው እግር የታሰረበት ሳንቃም ሲያርፍ ቶሎ የሚቆረጥ ቦታ ስለሆነ አትለፉት። የክንፉን ካርበን ቱቦ አውጥታችሁ በርዝመቱ የተሰነጠቀ መሆኑንም በጥፍራችሁ ዳስሱ።

«ምንም ያልሠራ» የተባለውን ሞተር ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት፤ ማርሚታው አፍ ውስጥም ጣት ስደዱ። ጥቀርሻ ከያዘ ሻጩ ዋሽቷል፤ በዚህ የዋሸ ደግሞ በሌላውም ይዋሻል። ካንዴላው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ፕሮፔለሩ በእጅ ሲዞር ጠንካራ መጭመቅ ይሰማል። ካንዴላው ወጥቶ ሲዞር ከሻከረ ግን ኩሽኔታው ዝጓል። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ካርቡራተር ውስጥ ያለው ስስ ዲያፍራም ይደርቃል፤ እሱ ርካሽ ጥገና ነው፣ ለመደራደሪያ ያዙት እንጂ አያስፈራችሁ። ኢግኒሽኑ ላይ የተጻፈውን ቮልት ግን አንብቡ። አሮጌዎቹ ከ4.8 እስከ 6 ቮልት ብቻ የሚሸከሙ አሉ፤ ሲሞላ 8.4 ቮልት የሚሆን ባለሁለት ሴል ሊፖ ባትሪ በቀጥታ ተገናኝቶ ከተገኘ ተጎድቷል ብላችሁ አስቡ።

ትልቁ ማታለያ ያለው ሰርቮ ላይ ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ለኤለሮን (ወደ ጎን የሚያዘነብለው የክንፍ ጠርዝ) 2፣ ለኤሌቬተር (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጅራት ክፍል) 2፣ ለራደር (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት ክፍል) 1፣ ለጋዝ 1 ሰርቮ ይፈልጋል። ከጋዙ በቀር ሁሉም የብረት ጥርስ ያላቸውና ቢያንስ 20 ኪሎ በሴንቲሜትር ጉልበት የሚሰጡ ይሁኑ፤ ለራደሩ ከዚያም ከፍ ማለት አለበት። ሻጩ «20 ኪሎ ነው» ሲል በስንት ቮልት ብላችሁ ጠይቁ። በ7.4 ቮልት የተለካ ቁጥር በ6 ቮልት አይገኝም። ኃይሉ ተከፍቶ ሳለ ኤለሮኑን ጫፉ ላይ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የሰርቮው ክንድ ሳይንቀሳቀስ ኤለሮኑ የሚወዛወዝ ከሆነ መገናኛው፣ ክንዱም አብሮ ከተወዛወዘ ጥርሱ ልል ነው። ይሄ ትንሽ መስሎ የሚታይ ልልነት አውሮፕላኑ ሲፈጥን ወደ መርገፍገፍ ይለወጣል፤ ኤለሮኑን ነቅሎ ለመጣል ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ አይፈጅበትም። ማጠፊያዎቹንም አንድ በአንድ ጎትቱ። በዚህ መጠን ላለ አውሮፕላን በኢፖክሲ የተጣበቁ ባለፒን ማጠፊያዎች ያስፈልጋሉ፤ ለትንንሾቹ የሚሆነው፣ በሱፐር ግሉ የሚያዘው ስስ ወረቀት መሳይ ማጠፊያ ከተገኘ ዕቃውን ተዉት።

ሰልባትዮው ውስጥ የሲሊኮን ቱቦ ካለ የገጠመው ሰው ቤንዚን አያውቅም ማለት ነው። ሲሊኮን ለግሎው ነዳጅ (ሜታኖል ያለበት የትንንሽ ሞዴል ሞተሮች ነዳጅ) ነው፤ ቤንዚን ያሳብጠውና ይበላዋል። ክዳኑም ለቤንዚን የተሠራ ጎማ ይሁን፤ ለቤንዚን የሚሆነው ቱቦ ቢጫማው ታይገን ነው። ሽቦው ላይ ደግሞ ኢግኒሽኑ የራሱ ባትሪ ይኑረው፣ ከሬሲቨሩም ወደ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው የጋዝ ዘንግ ብረት ከሆነ የኢግኒሽኑን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ወደ ሬሲቨሩ ያደርሳል።

«እዚሁ ሰፈራችሁ ፓርክ ውስጥ ታበሩታላችሁ» የሚለውንም አትመኑ። ከሬገን አየር ማረፊያ በ15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ከዚያ አልፎ እስከ 30 ማይልም ገደብ አለ። ከ250 ግራም በላይ ስለሆነ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ለ3 ዓመት 5 ዶላር ነው። ትረስት የሚባለውን ነጻ ፈተናም ትወስዳላችሁ። ኤፍኤኤ እውቅና ከሰጠው የማብረሪያ ሜዳ ውጭ ደግሞ ሪሞት አይዲ (የአውሮፕላኑን መለያና ያለበትን ቦታ የሚገልጽ የራዲዮ ምልክት) የሚያሰራጭ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዋጋ ስታሰሉ እሱንም ጨምሩ።

ቀብድ በስልክ አትላኩ። ሻጩ ሞተሩን ፊታችሁ ያስነሳ። ጅራቱን አንድ ሰው ይያዝ፣ እናንተ ከፕሮፔለሩ ኋላ ቁሙ፤ ከጎኑ፣ ፕሮፔለሩ በሚዞርበት መስመር ትይዩ ግን አትቁሙ። ነዳጁ ለሞተሩ በሚታዘዘው መጠን መቀላቀሉን ጠይቁ፤ 30 ለ1 ከሆነ በአንድ ሊትር ቤንዚን 33 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። «ባትሪ የለኝም»፣ «ጎረቤት ይቆጣል» ካለ ሒሳቡን የሞተሩን ብቻ አድርጉት፤ ለአካሉና ለሰርቮዎቹ ምንም አትጨምሩ።